አውራ ጣቴን የገፋው ትንፋሽ

ለተክሌ፣ ለውድነሽ አባት፣ ለቤቴ ምሰሶ፦

ከተለየኸኝ አንድ ክረምትና አንድ መኸር አለፈ። ግንቦት ሊወጣ ሲል ነበር የሄድከው። አሁን ገብሱ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ ገብቷል፤ ማለዳ ማለዳ ውርጩ ሜዳውን ነጭ ያለብሰዋል። ይህን ያህል ቆይቼ የምጽፍልህ ረስቼህ እንዳይመስልህ። ደህና ወሬ ሳልይዝ ብዕር ማንሳት አልፈለግሁም። ደግሞም ጽሕፈቴን ታውቀዋለህ፤ መሠረተ ትምህርት በገባሁበት ጊዜ "የአስካለ ፊደል ገደል አፋፍ ላይ የቆመ በግ ነው፤ አሁን ወደቀ፣ አሁን ወደቀ ያሰኛል" እያልክ ስትስቅብኝ ነበር። ዛሬም ያው ነው፣ ቻለው።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። እናትህ እማሆይ ደህና ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ኪዳን አይቀሩም። አንተ ትተኛበት የነበረውን መደብ ለማንም አይለቁም፤ እንግዳ ሲመጣ "እዚያ አይቀመጥም" ይላሉ። ውድነሽ ቁመቷ ከእኔ አልፏል፤ ቀሚሴን ከለበሰች ወዲያ ለእኔ አይመለስም። ግንባረ ነጯ በግ መንታ ወለደች። የጓሮው ትልቁ ባሕር ዛፍ ሐምሌ ላይ ወድቆ ግማሹን አጥር ይዞት ሄደ፣ ወንድምህ ሸዋንግዛው መጥቶ አጠረልኝ። እኔ ጥቁሬን አላወለቅሁም፤ የበግ ጠጉር መፍተሉን ግን ቀጥያለሁ፣ እጅ ሥራ ሲፈታ ሐሳብ መግቢያ ያገኛል።

አሁን ወደ ዋናው ወሬ፣ ወደ ዳማ ልምጣ። ይህን ወረቀት ሌላ ሰው ቢያገኘው ስለ ፈረስ የማወራ እንዳይመስለው፦ ዳማ መኪናችን ናት፣ ከመሐል ሜዳ ሞላሌ፣ አንዳንዴም ደብረ ብርሃን ድረስ ሰውና እህል የምታመላልሰው አሮጌዋ ጭነት መኪና። ቀለሟ የአባትህን ፈረስ ይመስላል ብለህ ዳማ አልካት። ሰው መኪና ሲገዛ ስም አያወጣም ብልህ፣ "አንቺም ስም አለሽ፣ እሷም ይኑራት" አልከኝ። ከዚያ ለሁለት ቀን ያህል አኩርፌህ ነበር።

አንተ ልትታመም አንድ ቀን ሲቀርህ የዳማን ሆድ ከፍተኸው እንደነበር አትረሳውም። ቤንዚኑን ለሚያቀጣጥሉት ለአራቱ ካንዴላዎች እሳት በየተራ የሚያድለውን ዕቃ፣ የደብሩን እህል በሚያድለው መጋቢ ስም "መጋቢው" የምትለውን፣ ነቅለህ አውጥተህ፣ ጠርገህ፣ ዘይት በነካ ጨርቅ ጠቅልለህ ሣጥን ውስጥ አኖርከው። በማግስቱ ብርድ ብርድ አለህ። "ሲሻለኝ እገጥመዋለሁ" አልክ። አልተሻለህም።

በሠልስትህ ዕለት፣ ለቀስተኛው ገና ከድንኳኑ ሳይወጣ፣ ሸዋንግዛው ብቻውን ወደ ዳማ ሄደ። ድምጿን ብሰማ ትንሽ ይቀለኛል ብሎ ነው። መጋቢው እንደወጣ አላወቀም። ማኖቬላውን፣ ያን የሞተር ማስነሻ እጀታ፣ ሰክቶ እንባው እየወረደ አዞራት፣ አዞራት፣ እስኪደክመው አዞራት። መኪናዋ ምን ብላ ትናገር። አንተ መጋቢውን ስታወጣ ኮሎው፣ ያ ፒስተኖቹን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያመላልሰው ጠማማ ብረት፣ የት ላይ እንደቆመ በልብህ ይዘኸው ነበር። ያንን ነው ሸዋንግዛው ሳያውቅ ያዞረው። ከፊት ለፊቱ ያለው፣ የጎማ ቀበቶው ቺንጋ የሚዞርበት መዘውር ላይ ምልክት መኖር ነበረበት፣ ግን የእኛ መዘውር ከሌላ መኪና ተነቅሎ የመጣ ነው፤ ያለበት ጭረት ስለ ዳማ ምንም አይናገርም። ኮሎው የት እንዳለ ሳይታወቅ ደግሞ መጋቢው ቢገጠም እሳቱን ያለ ሰዓቱ ነው የሚያድለው። ይህን ያወቅሁት ካንተ ነው።

አርባህ እንደወጣ ሽማግሌ ተቀመጠ። ከዓለም ከተማ የመጣ አንድ ሰው ሞተሯን ለወፍጮ ፈልጓት ነበር። ሸዋንግዛው ክፉ አስቦ አይደለም፤ "የወንድሜ መኪና በር ላይ ቆማ ስትዝግ ማየት አልችልም። ትሸጥና እትዬ አስካለ በሬ ትግዛበት፣ ውድነሽም ለወግ ማዕረግ ትብቃ" አለ። እማሆይ እንኳ "ወፍጮስ ብትሆን ምን አላት፣ እህል እየፈጨች ትጸድቃለች" አሉ። እኔ ግን እንቢ አልኩ። ውድነሽ ደብረ ብርሃን ገብታ ትማር የሚለው ያንተ ቃል ነው፤ ያ ቃል በበሬ አይፈጸምም፣ በዳማ ጎማ ነው። ባል ሞተ ተብሎ ቃሉም አብሮ አይቀበርም አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ።

ከሽማግሌዎቹ መምሬ ጽጌ ናቸው ነገሩን የዳኙት። ጭራቸውን ወዲያና ወዲህ ካወዛወዙ በኋላ፣ "መኸሩ እስኪገባ ይቆይ። መኪናዪቱ በራሷ እግር ሞላሌ ደርሳ ከተመለሰች የአስካለ ናት፣ ማንም ቃል አይናገርባት። ካልሄደች ትሸጥ፣ አስካለም ቃል አትናገር" አሉ። እኔም ሸዋንግዛውም ተነሥተን እጅ ነሣን።

ከደብረ ብርሃን መካኒክ አመጣለሁ ብዬ ነበር። ክረምቱ መንገዱን ዘጋው። ከመስቀል ወዲህ ሰው ብልክ፣ አንተ የምታውቀው መካኒክ ዘመቻ ሄዷል፣ ሌላኛው ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለሚሠራ ከከተማ አይወጣም አሉኝ። እንግዲህ እኔ ነኝ የቀረሁት አልኩ። በውሃ መቅጃው መንገድ ላይ ሴቶቹ "አስካለ ሐዘኑ ጭንቅላቷ ላይ ወጣ፣ ብረት ታቅፋ ትውላለች" ይባባሉ ነበር። ይበሉ። እኔ የዘይት እድፍ ጥቁር ልብስ ላይ አይታይም ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

የማውቀውን ነገር ሁሉ ከልቤ አውጥቼ ደረደርኩት። ማኖቬላው ይከብዳል ብለህ አንተ ነበርክ የምታዞረው። የፊተኛውን ካንዴላ ታወጣና "ነይ አስኩ፣ አውራ ጣትሽን እዚህ ቀዳዳ ላይ አድርጊ" ትለኛለህ። አደርጋለሁ። ቀስ እያልክ ታዞራለህ፣ ድንገት ከውስጥ ትንፋሽ መጥቶ ጣቴን ወርውሮ ይጥለዋል፣ እኔ ብድግ እላለሁ፣ አንተ መሬት እስክትቀመጥ ትስቃለህ። ሁልጊዜ፣ ሁልጊዜ። መምጣቱን እያወቅሁ እደነግጣለሁ፣ አንተም መደንገጤን እያወቅህ ትስቃለህ። ከዚያ የገብስ አገዳ ትሰጠኛለህ፣ በቀዳዳው አስገብቼ ፒስተኑ ላይ አቆመዋለሁ። "ሽቅብ መውጣቱን ሲያቆም 'ቁም' በይኝ" ትለኛለህ። ቁም እልሃለሁ፣ ትቆማለህ፣ መጋቢውን ትገጥማለህ።

እኔም ጣቱ ጨዋታ ነው፣ አገዳው ሥራ ነው ብዬ ይዤው ኖርኩ። የባልና ሚስት ጨዋታ፣ አንተ እኔን ለማስደንገጥ የፈጠርከው። እንዲያውም ጎረቤት ሲኖር እንዳታደርገው በዓይኔ እቆጣህ ነበር።

ስለዚህ ጨዋታውን ትቼ ሥራውን ሠራሁ። ሸዋንግዛውን ጠራሁት። የመጣው ልቤ እንዲቆርጥ ፈልጎ እንደሆነ ፊቱ ላይ ያስታውቃል፣ ግን መጣ። እሱ አዞረ፣ እኔ አገዳ ያዝኩ፣ አገዳው ወጣ፣ ወጣ፣ ቆመ። "ቁም" አልኩ። መጋቢውን ከሣጥኑ አወጣን፣ በውስጡ የሚዞረው ጣት መሰል ብረት ወደ ፊተኛው ካንዴላ ገመድ እንዲያይ አድርገን ገጠምነው። የቀበሌው ሊቀመንበር የቤንዚን ኩፖን ሰጥቶን ነበር፣ ከዚያ ጨመርን። ሸዋንግዛው አማተበና ማኖቬላውን በኃይል አሾረው።

ዳማ ተኮሰች። እንዲያ ያለ ድምፅ ከመኪና ወጥቶ አላውቅም። የገበያ ቀን ነበር፣ በመንገዱ የሚያልፉት በጎች እዚህም እዚያም ተበተኑ፣ ባለቤቶቻቸው እየተራገሙ ተከተሏቸው። ብዙም ሳይቆይ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃ አቀባብለው በሩጫ ደረሱ። "ማነው የተኮሰው?" ሲሉ ሸዋንግዛው ፊቱ ጥላሸት ለብሶ፣ ጣቱን ወደ ዳማ ቀስሮ፣ "እሷ" አለ። አንተ ከሞትክ አንድ ዓመት ሳይሞላ በሳቅ ስፈርስ ማን አየኝ ብዬ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰርኩ። አንዱ ጥበቃ ሞተሩን ጎንበስ ብሎ አይቶ "ፈቃድ አላት?" ቢል የባሰ ሆነ።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። በሌላ ቀን ሞከርን፣ ተኮሰች። አገዳው ቀጭን ሆኖ ነው ብለን ወፍራም ፈለግን፣ ተኮሰች። እንዝርቴን ሳይቀር አስገባሁ፣ ያው ነው። መኸሩ እየገባ ነበር። ከዓለም ከተማ ያ ሰውዬ መልእክት ልኮ፣ መምጫዬ መቼ ይሁን ብሎ ጠየቀ። ሸዋንግዛው የጎማው መከለያ ላይ ተቀምጦ፣ "በቃ እትዬ፣ እኔ ነኝ ያበላሸኋት። ያን ዕለት ባልነካት ኖሮ ወንድሜ እንዳስቀመጣት ትቆየን ነበር" ብሎ አለቀሰ። እኔም ስንት ወር በሆዴ የያዝኩበት ቂም ነበር፤ ሲያለቅስ ሳየው ወዴት እንደሄደ እንጃ። ያንተን ድምፅ ፈልጎ ነው፣ እኔስ ምን እየፈለግሁ ነው።

በበነጋው ብቻዬን ዳማ ዘንድ ተቀመጥኩ። አራቱንም ካንዴላ ሳወጣ ማኖቬላው ለእኔም ቀለለ፤ በአንድ እጄ አገዳውን ይዤ በአንድ እጄ ቀስ ብዬ አዞርኩ። አገዳው ወጣ፣ ወረደ። እንደገና ወጣ፣ ወረደ። ክዳኑን ከፍቼ ያየሁት የመጋቢው ጣት ግን በዚህ ሁሉ ዙሩን የጨረሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ደገምኩት፣ ያው ነው። ፒስተኑ ሁለት ጊዜ ሲወጣ እሳት የሚታደለው አንዴ ነው ማለት ነው። ያኔ አንድ ነገርህ ትዝ አለኝ። "ፒስተን እንደ ሰው ነው፣ አንዴ ሽቅብ የሚወጣው ጢሱን ሊያስወጣ ነው፣ አንዴ ደግሞ አፉን ዘግቶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ለሥራ ነው" ትል ነበር። እኛ በጢሱ ላይ ነበር እሳት የምናድለው። አገዳ ደግሞ መውጣቱን እንጂ ለምን እንደወጣ አይናገርም። የሚናገረው ትንፋሹ ነው። ጣት ነው።

ተክልዬ፣ ያኔ ማኖቬላውን ለቅቄ ቁጭ አልኩ። ለካ ጨዋታ አልነበረም። ይህን ሁሉ ዓመት እየሳቅህ ስታስተምረኝ ኖረሃል፣ እኔም እየተቆጣሁ ስማር ኖሬአለሁ። ወይም ሁለቱም ነበር፣ አንተን ማን ያውቅሃል።

በግምት መጋቢውን ግማሽ ዙር አዙሮ መሞከር ይቻል ነበር። ግን ቤንዚኑ የቀረን ለአንድ ሙከራ ነው፣ ግምትን ደግሞ አንተ አትወድም ነበር። ጣቴን ማድረግ አለብኝ። ጣቴን ማድረግ ደግሞ አልቻልኩም። ለምን እንደሆነ ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ።

ባረፍክበት ዕለት ረፋድ ላይ እማሆይ "ልጄ ዝም አለ" ሲሉ ሮጬ መጣሁ። ይህንኑ አውራ ጣቴን አፍንጫህ ሥር አደረግሁት። ጠበቅሁ። ትንሽ ይሞቅ ነበር፣ ሙቀቱ ከፊትህ ነው እንጂ ከትንፋሽህ አልነበረም። ሰዎቹ እጄን ሊያነሡ ሲሉ "ቆዩ፣ ቆዩ፣ አሁን ይገፋኛል" አልኳቸው። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ማንም አልገባውም። ምንም አልገፋኝም። ከዚያ ወዲህ የሕፃን ትንፋሽ እንኳ በእጄ ላይ ሲያርፍ እጄን እሰበስባለሁ። አሁን ደግሞ አፉን የከፈተ ብረት ላይ ጣቴን አድርጌ ትንፋሽ ልጠብቅ? ባይመጣስ?

ሦስት ማለዳ ከቤት ወጥቼ ወደ ዳማ ሄጄ ተመለስኩ። በመጨረሻ እልህ ያዘኝ። አንተ ያስተማርከኝን ነገር ፈርቼ ዳማ ለወፍጮ ብትሄድ፣ በኋላ የወፍጮውን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ምን እሆናለሁ ብዬ አሰብኩ። ሸዋንግዛውን ጠራሁትና "ዛሬ ቀስ አድርገህ አዙር፣ እኔ ሳልልህ እንዳታቆም" አልኩት። አገዳ ሳልይዝ ሲያየኝ ግራ ገባው።

አውራ ጣቴን አደረግሁ። አዞረ። አንድ ጊዜ ፒስተኑ ሲወጣ ተሰማኝ፣ ትንፋሽ ግን የለም። ጣቴን ላነሣ ትንሽ ቀረኝ። "ቀጥል" አልኩት። አዞረ። አሁን ደግሞ ወደ ውስጥ ሳበኝ፣ በቀስታ፣ የጣቴን ሥጋ ያዝ አደረገው። ከዚያ ከሥር መጣ። እየጠነከረ፣ እየጠነከረ መጣና ጣቴን ወርውሮ ጣለው፤ እኔም እንደ ድሮዬ ብድግ አልኩ። ሳቅሁ። ዘወር ብዬ መሬት ላይ ፈለግሁህ፣ ከዚያ ማልቀስ ጀመርኩ። ሸዋንግዛው ማኖቬላውን ጥሎ "ቆረጠሽ እንዴ እትዬ?" አለ። "አልቆረጠኝም፣ ተነፈሰች" አልኩት።

የቀረው ቀላል ነበር። በዚያው መውጣት ላይ አገዳውን አስገብተን ጫፉ ላይ አቆምነው፣ መጋቢውን ገጠምነው፣ ካንዴላውን መለስን። ሸዋንግዛው አማተበ። አንዴ አሾራት፣ አሳላት። ደግሞ አሾራት። ዳማ ተነሣች። ያ ድምፅ፣ መጀመሪያ ጉሮሮውን የሚጠርገው፣ ከዚያ የሚረጋጋው፣ ግቢውን ሞላው። እማሆይ ጸሎታቸውን አቋርጠው በር ላይ ወጡ። "ተክሌ ገባ?" አሉ። ወዲያው ትዝ አላቸውና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ሄጄ አቀፍኳቸው፣ ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ አብረን ቆምን።

ሞላሌ የሄድነው በገበያቸው ቀን ነው። ሸዋንግዛው ነዳ፣ እኔ ከጎኑ፣ መምሬ ጽጌ ለምስክርነት ከኋላ ገብስ ላይ ጥላቸውን ዘርግተው ተቀመጡ፤ ጋቢና ይግቡ ብንላቸው "ዳኛ ከተከሳሽ ጋር አይቀመጥም" አሉ። በአቀበቱ ላይ ዳማ አቃሰተች፣ አቃሰተች። ወጣችው። ስንመለስ መምሬ አቧራቸውን እያራገፉ ወርደው፣ ኮፈኗን በመስቀላቸው ነካ አድርገው፣ "ዳኝነቱ አልቋል" አሉና ወደ ቤታቸው ሄዱ። ለዓለም ከተማው ሰው መልሱን የላከው ራሱ ሸዋንግዛው ነው። ማታ እራት ላይ "እትዬ፣ ወንድሜ ይህን ላንቺ ሲያስተምር እኔ የት ነበርኩ?" አለኝ። "እኔም ሲያስተምረኝ የት እንደነበርኩ አላውቅም" አልኩት።

አሁን ሸዋንግዛው ይነዳል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ባዶው ሜዳ ላይ እኔን ያስተምረኛል። ፍሬኗን ስረግጥ እንደ በቅሎ ነው የምታስቆመን፤ ቢሆንም መንጃ ፈቃዱን አወጣለሁ። ውድነሽ ከመጪው መስከረም ደብረ ብርሃን ትገባለች፣ የማደርሳት እኔ ነኝ። ለሙት ዓመትህ ተዝካር እህሉንም፣ ካህናቱንም የምታመጣው ዳማ ናት። ጥቁሬን ከዚያ በኋላ አወልቃለሁ። አንተን ግን ከጥቁሩ ጋር አላወልቅህም፤ ከእጄ ላይ የት አወልቅሃለሁ።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ውድነሽን ጠራኋት። አራቱንም ካንዴላ አወጣሁና "ነይ፣ አውራ ጣትሽን እዚህ ቀዳዳ ላይ አድርጊ" አልኳት። ማኖቬላውን ያዝኩ፣ ቀስ ብዬ አዞርኩ። ጣቷን ሲወረውረው ጮኻ ወደ ኋላ ዘለለች። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ፣ ተክልዬ፣ ልክ እንዳንተ፣ ሆዴን ይዤ። "እማዬ ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ጨዋታ አልወድም" ብላ ተቆጣችኝ።

ምንም አልነገርኳት። ለጊዜው ጨዋታ ይምሰላት።

አስካለህ
መሐል ሜዳ